ሳይነበብ የወጣ ሰንጠረዥ

በበረንዳው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኬ ነበር። ከፊቴ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ተዘርግቷል፤ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ጠርዙ እንዳይመዘዝ በሻማ ተለብልቦ። ባለቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የከረጢቱን አንዱን ጥግ በእግሩ ረግጦ ይዞልኛል፤ አመሻሽ ላይ ከሐይቁ የሚነሣው ንፋስ ይጠቀልለዋልና። እሱ ከደብተሩ ያነባል፤ እኔ በማርከር እጽፋለሁ።

«ሌሙር፤ መደብ።»

«አጥቢ።»

«ደንገል፤ መደብ።»

«ባለ አንድ ክክ። ቀስ በል እንጂ፤ ምን ያስሮጥሃል?»

«የሚሮጠው ንፋሱ ነው፤ እኔማ ተቀምጫለሁ።»

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ይህ ነው። ልዩ ቀን አልነበረም። እንዲያውም ጉልበቴን አሞኝ ስነጫነጭ ነበር።

እሱ እዚህ ባሕር ዳር ውስጥ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነበር። ሥዕል ይችላል፤ የእጅ ጽሑፉ ግን በማግስቱ ራሱም የማያነበው ዓይነት ነው። እኔ ደግሞ የብራና ጸሐፊ ልጅ ነኝ። አባቴ በጎርጎራ በኩል በሚገኝ ደብር ሲያገለግሉ መጻሕፍት ይጽፉ ነበር። ልጅ ሆኜ መስመር አሰምርላቸው ነበር፤ የፊደል አጣጣሌንም ከእሳቸው ነው ያየሁት። ስለዚህ ከተጋባን ጀምሮ ለክፍሉ የሚሰቀለውን ሰንጠረዥ ሁሉ እሱ ይነድፋል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ከአባቴ ያመጣሁት አንድ ሕግም ነበር። ጽሑፍ ሳይነበብ ከቤት አይወጣም። አንዱ ከዋናው ላይ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በአዲሱ ጽሑፍ ላይ በጣቱ ይከተላል። አባቴ ይህን ሳያደርጉ አንዲት ቅጠል ብራና እንኳ ለማንም አስረክበው አያውቁም። እኛም በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ለተጻፈ የጥርስ ሥዕል ሳይቀር ሕጉን እንጠብቅ ነበር። እሱ «ክራንቻ!» ብሎ በቅዳሴ ድምፅ ሲያነብ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

የዚያ ሰንጠረዥ ሐሳብ የእሱ ነው። ተማሪዎቹ የሕያዋንን አመዳደብ ይሸመድዱታል እንጂ አልገባቸውም። ስለዚህ ሁለት ነገር መረጠ፤ አንዱ በየቀኑ እያዩ የማያስተውሉት፣ ሌላው ጭራሽ አይተውት የማያውቁት። ደንገል በሐይቃችን ዳር ረግረጉ ላይ የሚበቅለው፣ ታንኳ የሚሠራበት ረጅሙ ተክል ነው። ሌሙር ደግሞ ማዳጋስካር በምትባል ደሴት ብቻ በዱር የሚኖር እንስሳ ነው፤ እሱ የመረጠው ዝርያ ጅራቱ ጥቁርና ነጭ ቀለበት አለው፤ ዓይኑ ድንገት የተጠራ ሰው ዓይን ይመስላል።

ሰባቱን የአመዳደብ ደረጃዎች ያስተማራቸው በሰባት ቤት ነው። እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር ይቆጥራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ከተገናኙ ዘመድ ናቸውና አይጋቡም። እሱም ተማሪዎቹን «ከታች ጀምራችሁ ቁጠሩ» ይላቸዋል። ዝርያ አንድ ቤት፣ ወገን ሁለት፣ አስተኔ ሦስት፣ ክፍለ መደብ አራት፣ መደብ አምስት፣ ክፍለ ስፍን ስድስት፣ ስፍን ሰባት። ደንገል በበዓል ቀን ቤታችን ውስጥ ከምንጎዘጉዘው ቄጠማ ጋር ሦስተኛው ቤት ሳያልፍ ይገናኛል። ሌሙር ከጦጣና ከጉሬዛ፣ ከእኛም ከሰዎች ጋር በአራተኛው ቤት ይገናኛል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ግን ሰባቱም ቤት ተቆጥሮ አይገናኙም፤ አንዱ ዕፅዋት፣ ሌላው እንስሳ ነው።

«አንዱ ተነሥቶ ምን አለኝ መሰለሽ?» አለኝ ሰንጠረዡን ከመጻፋችን በፊት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ። «‘ታዲያ መጋባት ይችላሉ ማለት ነዋ፣ ቲቸር?’ አለኝ።»

«ምን አልኸው?»

«ሽማግሌ ተልኮ ይታያል አልሁት።»

እኔንም ከዚያ ወዲህ «ደንገሌ» ይለኝ ጀመር። እሱ ከሐይቁ ወዲህ የመሸንቲ ሰው ነው፤ እኔ ከሐይቁ ማዶ። ስንጋባ ሽማግሎቹ ቆጥረው ቆጥረው ምንም አላገኙብንም። «እኔና አንቺን የሚያገናኘን ውኃው ብቻ ነው» ይል ነበር።

ከሰባቱ ረድፍ በታች ስምንተኛ ረድፍ ነበር፤ «የህልውና ሁኔታ» ይላል። እያንዳንዱ ዝርያ ለመጥፋት ምን ያህል እንደቀረበ የሚመዘገብበት የዓለም ዝርዝር አለ። ሌሙሩ ጫካው እየተመነጠረበት፣ እየታደነም ስለሆነ በዝርዝሩ ላይ «ለመጥፋት የተቃረበ» ተብሏል። ደንገል ደግሞ «ስጋት የሌለበት»።

ሰንጠረዡን በጻፍንበት ቀን ከሰዓት በኋላ ለማሳያ የሚሆን አንድ ዘንግ ደንገል ልናመጣ ወደ ሐይቁ ወርደን ነበር። የምናውቀው ቦታ ስንደርስ ደንገሉ የለም። ቀይ አፈር ተደፍቷል፤ ድንጋይ ተከምሯል፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል። ከቆርቆሮው ወዲያ ያለው ውኃ ደግሞ እምቦጭ ለብሷል፤ ያ መጤ አረም። አጠገቡ መረቡን የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ ተቀምጦ ነበር።

«ለታንኳ ነው የምትፈልጉት?» አለን።

«የለም፤ ለትምህርት ቤት ነው» አለው ባለቤቴ።

«እሱንም በደብተር ማስተማር ጀመራችሁ?» ብሎ ሳቀብን። «አለቀለት በሉኛ! ደብተር ላይ የገባ ነገር መች ይመለሳል? እኔ ታንኳዬን ለመጠገን በዘጌ በኩል ዞሬ ነው የማመጣ።»

ከሳቀ በኋላ ግን ተነሥቶ ከቆርቆሮው ጀርባ የቀረችውን ጥቂት ደንገል አሳየን። ባለቤቴ አንድ ዘንግ ቆረጠ። «ቢሰበርብህስ፣ ሁለት አድርገው» ስለው «አንድ ይበቃል» አለኝ። እስከ ቤት ድረስ ትከሻው ላይ አድርጎት ሄደ። እኔ በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ደብር ለደብር በታንኳ ስንሄድ ደንገሉ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ነበር። ሰው እየቀጠፈው ሊያልቅ የሚችል ነገር አይመስለኝም ነበር።

ስምንተኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ።

«ነገ ይሁን?» አለኝ።

«ለአንድ ረድፍ? በል ንገረኝ።»

ነገረኝ። በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ጻፍሁ። ከዚያ ግድግዳውን ይዤ ተነሣሁ።

«ሳናነበው?» አለ።

«ነገ ጠዋት እናነበዋለን።»

«የአባትሽ ሕግስ?»

«አባቴ ጉልበታቸውን አያማቸውም ነበር።»

በማግስቱ ማለዳ ኪዳን ላስደርስ ወጣሁ። ስመለስ እሱም የለም፣ ከረጢቱም የለም። ማታ ሲመጣ «ሰቀልሁት፤ ከሩቅ ይነበባል» አለኝ። «አየኸው ወይ? አነበብኸው ወይ?» አላልሁትም። ሽሮው እንዳይገነፍል እያማሰልሁ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረቱን ይዞ ያው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አለፈ።

ሰው ሲሞት ሐሳብ ወደ ትልቁ ነገር የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ወደ አንድ ረድፍ ሄደ። ድንኳን ተጥሎ፣ የእድሩ ሴቶች ከብበውኝ፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ እኔ የማስበው በዚያ ድንግዝግዝ ምን እንደጻፍሁ ነው። ደንገል በግራ፣ ሌሙር በቀኝ ነበር። «ለመጥፋት የተቃረበ» የሚለው ስለረዘመብኝ ፊደሉን ማጥበቤን አስታውሳለሁ። በግራ ይሁን በቀኝ ያጠበብሁት አላስታውስም። ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በጣቴ መልሼ መላልሼ እጽፈው ነበር፤ እጄ ያስታውስ እንደሆነ ብዬ።

ታላቅ እህቴ ከቆላ ድባ መጥታ አብራኝ ሰነበተች። ጣቴን አይታ ተጨነቀች።

«ምንድን ነው የምትሞነጫጭሪው? ይልቅ ይህን ጉርሻ ዋጪልኝ።»

«ሰንጠረዡ አልተነበበም» አልኋት።

«የምን ሰንጠረዥ?»

«የደንገሉና የሌሙሩ።»

ግንባሬን ዳሰሰችኝ። «ሌሙር ምንድን ነው? የወባ ዓይነት ነው?»

ሳቅ መጣብኝ፤ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ። ባልቴት በሐዘን ቤት ስትስቅ እንዳትታይ እህቴ ራሷ ጀርባዋን ሰጥታ ከለለችኝ።

ሰው ልልክ አስቤ ነበር። ምን ብዬ? ባሏን ቀብራ የከረጢት ጽሑፍ ታስመረምራለች ይሉኛል። አርባው ሳይወጣ ከግቢ ወጥቶ መሄድ ደግሞ በእኛ ቤት አልተለመደም። ከሰንጠረዡ ግርጌ የእሱ ስም እንዳለ አውቃለሁ፤ «አዘጋጅ» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከተሳሳትሁ የተሳሳተው እሱ ሆኖ ነው የተሰቀለው። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም እየቀረበ ነበር። ልጆቹ አዲስ ሰንጠረዥ በተሰቀለ ቀን ገና ሳይማሩት ሁሉንም ወደ ደብተራቸው እንደሚገለብጡ እሱ ራሱ ነግሮኛል።

በአርባው ዕለት ተዝካሩ ላይ ተማሪዎቹ መጡ። በእሱ ቦታ የተመደበችው ወጣት መምህርት ይዛቸው ነው። ሰው በልቶ ካህናቱ ፍትሐቱን ከጨረሱ በኋላ የክፍሉ አለቃ የሆነች ልጅ ብድግ አለች።

«እማማ፣ የቲቸርን የመጨረሻ ትምህርት ለመታሰቢያቸው በቃላችን ይዘነዋል» አለች።

ልጆቹ ተሰልፈው በአንድ ድምፅ ጀመሩ። «ደንገል። ስፍን፣ ዕፅዋት። ሌሙር። ስፍን፣ እንስሳ።» እንደ ውዳሴ ነው ያደረጉት። ቤት ለቤት እየቆጠሩ ወረዱ፤ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ጨብጬ ስምንተኛውን እጠብቃለሁ።

«ደንገል። ለመጥፋት የተቃረበ። ሌሙር። ስጋት የሌለበት።»

ሰው ሁሉ አለቀሰ። ቄሱ «ነፍሱን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን» አሉ። እህቴ ትከሻዬን አቅፋ «አየሽ እንዴት እንደሚወዱት» አለችኝ። እኔ ያለቀስሁት በሌላ ነው።

መምህርቷን «እጄን ታስታጥቢኛለሽ» ብዬ ወደ ጓሮ ወሰድኋት።

«ልጄ፣ ያ የመጨረሻው ረድፍ…»

ገና ሳልጨርስ ገባት። «አይቼዋለሁ፣ እትዬ። ከመጽሐፉ ጋር ሳስተያየው ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ስለ ምን አላረምሽውም?»

«እንዴት አድርጌ? ክፍሉን የተረከብሁት እሳቸው ባረፉ በሳምንቱ ነው። ያመጡትን ደንገል ሰንጠረዡ ሥር አቁመውታል፤ ደርቆ ይረግፋል፤ እንጣለው ብል ልጆቹ እምቢ አሉኝ። አንድ ቀን ደፍሬ ‘ይህ ረድፍ ከመጽሐፉ ይለያል’ አልሁ። ክፍሉ በሙሉ አፈጠጠብኝ። ‘ቲቸር አይሳሳቱም’ አሉኝ። እኔም ምናልባት ስለ ጣና ብቻ ብለው ጽፈውት ይሆናል ብዬ ተውሁት። የሙት ጽሑፍ መሰረዝም ከበደኝ።»

«እስከ ስምንተኛው ረድፍ አስተምሯቸዋል?»

«አልደረሱም። በሰንጠረዡ ሲከልሱ አስተኔ ላይ ነው ያቆሙት። ጀርባቸውን ለሰንጠረዡ ሰጥተው በቃላቸው ነበር የሚያስተምሩት ይላሉ ልጆቹ።»

እሱም አላየውም ማለት ነው።

«ፈተናው መቼ ነው?»

«ሁለት ሳምንት አይሞላም። ይህ ደግሞ ሊወጣ የሚችል ጥያቄ ነው።»

ሦስት ቀን ዋልሁ አደርሁ። ብሄድ በስሙ የተሰቀለውን የመጨረሻ ሥራ በተማሪዎቹ ፊት ስህተት ነው ልል ነው። ብቀር ልጆቹ እሱን አክብረው በፈተና ወረቀት ላይ የእኔን ስህተት ሊጽፉ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ስህተት አይደለም እያልሁ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ያን ቀን በሐይቁ ዳር ያየሁትን ነው እጄ የጻፈው። ግን እሱ የነገረኝ ያን አልነበረም። የጸሐፊ ሥራ የተነገረውን መጻፍ ነው፤ የራሱን ሐሳብ ያገባ እንደሆነ አባቴ ብራናውን በቢላዋ ፍቀው እንደገና ያስጽፉት ነበር።

በአራተኛው ቀን ጥቁር ልብሴን እንደለበስሁ ወጣሁ። ባጃጅ ከመያዜ በፊት ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ቆርቆሮው ወደ ውኃው ተገፍቷል። ደንገሏ አለች፤ ያነሰች መሰለኝ። በፊት ምን ያህል እንደነበረች አስተውዬ ስላላየሁ እርግጠኛ መሆን አልቻልሁም። ዓሣ አጥማጁን ፈለግሁት፤ አልነበረም።

ክፍሉ ስገባ ሁሉም ተነሡ። ሰንጠረዡ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ተሰቅሏል፤ ደረቁ ደንገል ከሥሩ ቆሟል። ጽሑፌ ከሩቅ ይነበባል፤ እውነቱን ነበር። በግራ በኩል፣ ከደንገል ሥር፣ «ለመጥፋት የተቃረበ» ፊደሉ ጠብቦ ተጨናንቋል።

«ልጆቼ፣ ይህ ረድፍ ተገላብጧል» አልኋቸው። «ለመጥፋት የተቃረበው ሌሙሩ ነው። ደንገሉ ስጋት የሌለበት ነው።»

አለቃዋ እጇን እንኳ ሳታወጣ ተናገረች። «እማማ፣ ቲቸር አይሳሳቱም።»

«እሱ አልተሳሳተም። እሱ በትክክል ነገረኝ፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። መብራት ሄዶ ነበር፤ ጉልበቴን አሞኝ ነበር፤ ሳናነበው ወጣ። እናንብበው ብሎኛል። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁትም ነበር።

ከኋላ ወንበር አንዱ «ግን ደንገል የለም እኮ!» አለ። «አያቴ ታንኳ መሥራት የተዉት ደንገል አጥተው ነው። እንዴት ነው ስጋት የሌለበት?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እሱ ቢሆን ምን እንደሚመልስ አላውቅም። እኔ የማውቀውን ተናገርሁ። ዝርዝሩ የዓለም ነው፤ ደንገል በሌላ አገር ትልልቅ ረግረግ ላይ ገና ሞልቷል፤ ሌሙሩ ግን ከዚያች ደሴት ሌላ አገር የለውም። ፈተናው የሚጠይቃችሁ የዓለሙን ነው አልኋቸው።

«የእኛውስ?» አለ ያው ልጅ።

«የእኛውን ማን እንደጻፈው አላውቅም።»

ከቦርሳዬ ከሌላ ከረጢት የቆረጥሁትን ቁራጭ፣ መርፌና ክር አወጣሁ። ብራና ይፋቃል፤ ከረጢት አይፋቅም። በቁራጩ ላይ ረድፉን እንደገና ጻፍሁ። ከዚያ መምህርቷን ከመጽሐፉ ጮክ ብላ እንድታነብ ለመንኋት፤ እኔ በጣቴ ተከተልሁ። ልጆቹ ሳይታዘዙ አብረዋት አነበቡ። ሲበቃ ቁራጩን በአሮጌው ረድፍ ላይ ሰፋሁት። ስፌቱ ጠማማ ነው። ከሥሩ የጻፍሁት እንዳለ አለ።

ከግርጌው አንድ ጠባብ ረድፍ ጨመርሁ። «በጣና ዳር» ብዬ ጻፍሁ። በሌሙር በኩል ሰረዝ አደረግሁ። በደንገል በኩል ምን እንደሚጻፍ ስላላወቅሁ ባዶውን ተውሁት።

ልጆቹ ተፈትነዋል። ውጤቱ ይህን እስከምጽፍ አልመጣም፤ የመጣ ቀን መምህርቷ ልትደውልልኝ ነው፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ። ሰንጠረዥ እጽፋለሁ። ጽፌ ስጨርስ መምህርቷ ከመጽሐፉ ታነባለች፤ እኔ በጣቴ እከተላለሁ። ስመለስ መንገዴን በሐይቁ በኩል አድርጌ ደንገሏን አያለሁ፤ ያየሁትን ከነቀኑ በእሱ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።